ጭብጨባው ይቅር ወይስ ደረጃው?

ብርዱ ይመስገንና መሐል ሜዳ ድምፅ አልባ ጭብጨባን ከማንም ቀድማ ጀምራለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍታ ላይ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ የሚያጨበጭብን ሰው ማን ይሰማዋል?

ቀልዱን እንተወው። እ.ኤ.አ. በ2018 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ኅብረት በስብሰባዎቹ ላይ በጭብጨባ ፈንታ እጅን ከፍ አድርጎ ማወዛወዝ እንዲለመድ ሲወስን ብዙ ጋዜጦች ተቀባበሉት። ምክንያቱ ድንገተኛ ጩኸት የሚረብሻቸው፣ ለምሳሌ ኦቲዝም ያለባቸው፣ ተማሪዎች መኖራቸው ነው። ምልክቱ የመጣው ጭብጨባን በዓይናቸው ከሚሰሙት፣ መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ነው።

እኛ ሐሳቡን አንጠላውም። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረናል። ማየት የተሳነው ሰው ንግግሩን ሲጨርስ አዳራሹ በሙሉ እጁን ቢያወዛውዝለት ለእሱ ጭር ያለ ቤት ነው። ወደዱልኝ? ወይስ ጥለውኝ ወጡ? ስለዚህ ወይ መድረክ መሪው «ሁሉም እጁን እያወዛወዘልህ ነው» ብሎ ይንገረው፣ ወይ የፈለገ ያጨብጭብ፣ የፈለገ ያወዛውዝ። ጩኸት ይቀነስ ከተባለ ደግሞ ከጭብጨባው በፊት እባካችሁ ያንን ሞንታርቦ ቀንሱልን!

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ እንምጣ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝተን ነበር (የአዳራሹ ስም ይቆየን)። ክራንች የያዘ ወጣት ደረጃው ሥር ደርሶ ቆመ፤ ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው አስገቡት። ሲገባ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ከፊታችን መስማት የተሳናት ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። ሰው ሲያጨበጭብ ታያለች፣ እሷም ታጨበጭባለች። ለምን እንደሚጨበጨብ ግን የነገራት አልነበረም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት አጸደቀች፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ጉዳይም እዚያው ውስጥ አለ። ይኸው ስንት ዓመት! ያ ደረጃ እንዳለ ነው።

አዘጋጆች ሆይ፣ የሚቀጥለውን የጥሪ ደብዳቤ ስትጽፉ «ምን እናዘጋጅልዎ?» የምትል አንድ መስመር ጨምሩበት። ልጅቷም ትጠራ፣ አስተርጓሚም ይምጣላት። ስለ ጭብጨባው ያን ጊዜ፣ እሷም ባለችበት እንከራከራለን።