ተረትና ምሳሌ ብይን አይደለም

በጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ ገጠሮች የድንበር ጠብ ለሽምግልና ሲቀርብ ክርክሩ ያለ ተረትና ምሳሌ አይሄድም። ነገሩ ቶሎ እንዲቆረጥለት የሚሻው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላል፤ ምስክር ይጠራልኝ የሚለው ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ነገሩን ብቻውን አይቆርጠውም። አስተዋይ ሽማግሌ የሚመዝነው የአባባሉን ማማር ሳይሆን ለዚያ ማሳና ለእነዚያ ጎረቤታሞች መስማማቱን ነው። እንግሊዞችም ከመዝለልህ በፊት እይ ይላሉ፤ መልሰው ደግሞ ያመነታ ጠፋ ይላሉ። ስለዚህ ተረትና ምሳሌ ያለቀለት መልስ ሳይሆን መከራከሪያ ነው ባይ ነኝ፤ በክፍል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ፍቺው ተሸምድዶ ይታለፋል።

አንዳንድ አባባሎች ጎጂ ናቸውና ይቅሩ የሚሉ ወገኖች አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ስንቷን ሴት ከሸንጎ አስቀርቷል! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ለጉቦኛ መሸሸጊያ ሆኖ ኖሯል። ሆኖም ከመማሪያ መጽሐፍ ብንፍቃቸው ከገበያና ከጠላ ቤት አይጠፉም፤ ያለ ተቃዋሚ መነገራቸውን ይቀጥላሉ እንጂ። ይልቅ መምህሩ አባባሉን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ይህ ማንን ይጠቅማል? ማንንስ ዝም ያሰኛል?» ብሎ ተማሪዎቹን ያከራክር። አንዷ ተማሪ ተነሥታ በሌላ አባባል ብትረታው ከሽምደዳው ይልቅ ይህ በአእምሮዋ ይቀራል። ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ላፈራው ጎጃም እንዲህ ያለው ትምህርት ባዳ አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ሲለይ፣ በመምህሩ ፊት ሲነቀፍና ሲያርም ነው የሚያድገው።