የተማሪው መዝገብ በወር በወሩ ይታይ



በንግድ ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደንብ አለ። ይኸውም ሒሳቡን ዓመቱ እስኪያልቅ ሳይመረምር የቆየ ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ የሚያገኘው ጸጸት ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ገቢና ወጪው በየቀኑ ይጻፋል፤ በየሳምንቱ ይደመራል፤ በወሩ ይመረመራል። በመጋዘን ያለው እህል ነቅዞ እንደሆነ በየጊዜው ይታያል፤ ዱቤ የወሰደው ደንበኛ ቀኑን ያሳለፈ እንደሆነ ይጠየቃል። በጸሐፊነት ባገለገልሁበት ዘመን ሁሉ እንደ ተመለከትሁት፣ ለብዙ ጊዜ ጸንተው የቆዩት መደብሮች ጉድለታቸውን ቶሎ የሚያውቁት ናቸው።

ይህን ደንብ ለጤፍና ለማሾ፣ ለጨርቅና ለስኳር የምንጠብቀውን ያህል ለልጆቻችን አልጠበቅንላቸውም። ልጁን 9ኛ ክፍል እናስመዘግበዋለን፤ ደብተሩንና የደንብ ልብሱን እንገዛለታለን፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት እስኪወጣ ድረስ 4 ዓመት ሙሉ መዝገቡን አንገልጠውም። ውጤቱ በወጣ ቀን ግን ሁላችንም እናዝናለን፤ መምህሩንም መንግሥትንም ልጁንም እንወቅሳለን።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል ቍጥሩ ይናገራል። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ሲፈተኑ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት 3.2 ከመቶ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደርሶአል። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ካከማቸው 100 ኩንታል እህል ከ90 የሚበልጠው የተበላሸበት ነጋዴ «ካለፈው ዓመት ይሻላል» ብሎ እንቅልፍ አይወስደውም።

የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ልጆች ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አለባቸው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ በቆየችባቸው ወራት መደብሮቻችን ብቻ አልተዘረፉም፤ ትምህርት ቤቶቹና ዩኒቨርሲቲው ጭምር ብዙ ንብረት አጥተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቶአል። በጦርነቱ ዓመት 7ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ያን ጊዜ ያመለጠውን የሒሳብ ትምህርት ማንም ሳይመልስለት ክፍል እየቈጠረ ወደ ላይ ወጥቶአል። የመደብራችንን ጉድለት ቈጥረን፣ ከባንክም ከዘመድም ተበድረን መደርደሪያችንን ሞልተናል። የልጁን ጉድለት የቈጠረው ግን ማነው?

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከመፈጸም በቀር የመምህርነት ማዕረግ የለኝም፤ መምህራኑ እንዴት ማስተማር እንደሚገባቸውም ልናገር አልነሣም። የምናገረው ስለ መዝገብ አያያዝ ነው፤ ይህ የዘወትር ሥራዬ ነውና።

በእንግሊዝ አገር ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት 2 ዓመት የሚማሩባቸው «ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ» የሚባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። የእኛን 11ኛና 12ኛ ክፍል፣ ቀድሞ መሰናዶ ስንለው የነበረውን ይመስላሉ። ከእነዚህ ኮሌጆች አንዳንዶቹ ከሚያስተምሩት መምህራን ሌላ የተማሪውን እርምጃ የሚከታተል ሠራተኛ አላቸው። ይህ ሰው ፊዚክስ ወይም ታሪክ እንዲያስተምር አልተቀጠረም። በአደራ የተሰጡትን ተማሪዎች ስም በመዝገብ ይዞ ማን እንደ ቀረ፣ ለምን እንደ ቀረ፣ የማን ውጤት እንደ ወረደ ይመለከታል። ተማሪውን ለብቻው ጠርቶ ያነጋግረዋል፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ሊፈጽመው የሚገባውን ተስማምተው ይጽፋሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ተፈጽሞ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ለወላጅ ያስታውቃል። ችግሩ ከእርሱ አቅም በላይ የሆነ እንደሆነ ሊረዳ ወደሚችል ሰው ይመራዋል። ተማሪው ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሲጽፍም አጠገቡ ሆኖ ያማክረዋል።

ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉን ብቻቸውን አይዙትም፤ ጀማሪውን የሚያስጠና፣ ትናንት የተማረውን ዛሬ የሚጠይቅ ነባር ተማሪ ከሥራቸው አለ። በወሎ ሸኾች ዘንድም እንዲሁ ነባሩ ደረሳ አዲሱን ያስቀራዋል፤ የቀረውንም ይፈልገዋል። አባቶቻችን ማስተማርና መከታተል ሁለት ሥራዎች መሆናቸውን ዐውቀው ለሁለት ሰው ከፍለውታል።

በዛሬው ትምህርት ቤት ሁለቱም የተጫኑት በአንድ ሰው ላይ ነው። የክፍል ኃላፊ የሚባለው መምህር ስም ይጠራል፤ የውጤት ካርድ ይሞላል። ነገር ግን ይኸው ሰው በየክፍሉ እየዞረ የራሱን ትምህርት ያስተምራል፤ የብዙ መቶ ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ያርማል። በአንድ ክፍል 60 ወይም 70 ተማሪ በሚቀመጥበት ቦታ፣ በኋላ ወንበር ላይ የነበረችው ልጅ ለምን 3 ቀን እንደ ቀረች በምን ጊዜው ይመርምር? በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» የሚል ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱም በዚያው ይቀራል። ይህ የመምህሩ ስንፍና አይደለም። አንድ ሰው ሻጭም፣ ገንዘብ ያዥም፣ መጋዘን ጠባቂም ሁን ቢባል ከሦስቱ አንዱ መጉደሉ አይቀርም።

ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው በመርሳ ወይም በወልድያ አንዲት ክፍል ለሁለትና ለሦስት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች እንመልከት። ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄደው እንጀራና በሶ ይዘው እሑድ ይመለሳሉ። አዝመራ ሲደርስ ሰኞን ይቀራሉ፤ ወላጅ ሲታመም ሳምንቱን ይቀራሉ፤ የቤት ኪራይ ሲጐድል ደግሞ ወሩን ይቀራሉ። ሰኞ የቀረውን ልጅ ማክሰኞ «ምን ሆነህ ነው?» የሚለው ሰው ቢኖር ነገሩ በትንሽ እርዳታ ሊቃና ይችል ነበር። ወር ከቀረ በኋላ ግን ልጁ ትምህርቱ ስለ ራቀው ከእኩዮቹ ፊት መቅረብን ያፍራል።

ከዚህ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ከሀብሩና ከአጐራባች ወረዳዎች ስንት ወጣቶች የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ በጅቡቲ ባሕርና በየመን በኩል ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት ተነሥተዋል! ከመካከላቸው ያልተመለሱ አሉ። የጉዞው ገንዘብ የሚገኘው በሬ ተሸጦ ወይም ከነጋዴ ተበድሮ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከመደብራችን ደጃፍ የራቀ አይደለም። ከትምህርት ቤት የቀረውን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈልገው ሰው ከሌለ፣ በሁለተኛው ሳምንት ደላላ ያገኘዋል።

ስለዚህ ለምክር ቤታችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፤ ነጋዴዎች በማኅበር ተዋጥተን፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱና ከወላጆች ኮሚቴ ጋር በመስማማት፣ በወልድያ አንድ በመርሳም አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሙከራ መርጠን ለየአንዳንዱ አንድ የተማሪ ክትትል ሠራተኛ እንቅጠር። ሰው አይጠፋም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ካስመረቃቸው ልጆች መካከል ሥራ አጥተው በየቤታቸው የተቀመጡ፣ የአካባቢውን ኑሮና ቋንቋ የሚያውቁ ብዙ ናቸው። ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ይገባል፤ ሴት ተማሪ ለወንድ የማትነግረው ብዙ ነገር አላትና። የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ለ30 ነጋዴ ቢከፋፈል፣ ለአንዱ የሚደርሰው በወር ለቡናና ለሻይ ከሚወጣው እምብዛም አይበልጥም።

ሁለተኛ፤ ሠራተኛው የሚይዘው መዝገብ አጭር ይሁን። የተማሪው ስም፣ የቀረበት ቀንና ምክንያት፣ የየወሩ ፈተና ውጤት፣ የተደረገለት እርዳታ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ፤ ይህ ይበቃል። ለወላጅ በወሩ መጨረሻ ቃሉ ይድረስ፤ ማንበብ ለማይችለው በስልክ ይነገረው።

ሦስተኛ፤ የሙከራው ዘመን 1 ዓመት ይሁን። ባለቀ ጊዜ ስንት ተማሪ ትምህርቱን እንዳቋረጠ፣ ስንቱ ከቀረበት እንደ ተመለሰ፣ የስንቱ ውጤት ከፍ እንዳለ ከቀደመው ዓመት ጋር ተመዛዝኖ ለጠቅላላ ጉባኤያችን ይቅረብ። ጥቅም ካልታየበት ይቅር፤ ከታየበት ወደ ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ይስፋፋ።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «ትምህርት የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ ግብር እንከፍላለን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሆኖም መንገድም የመንግሥት ሥራ ሆኖ ሳለ በደጃችን ያለው ቦይ ሲደፈን እስኪመጡልን አንጠብቅም፤ ጐርፉ የሚገባው ከእኛ ዕቃ ላይ ነውና። ጽሑፍ የሚያስተካክል፣ ደረሰኝ የማያበላሽ፣ ከደንበኛ ጋር በትሕትና የሚነጋገር ሠራተኛ አጥተን የምንቸገረው እኛው ነን።

ሌላው ደግሞ «መዋጮ ሰልችቶናል» ይላል። ይህም ቅሬታ ያለ ምክንያት አይደለም። ለክፍል መሥሪያ፣ ለአጥር፣ ለወንበር በተደጋጋሚ ሰጥተናል። ነገር ግን ክፍል ሠርቶ በውስጡ የሚቀመጠውን ልጅ አለመከታተል፣ መጋዘን አሠርቶ እህሉን ለአይጥ እንደ መተው ነው። ያለፈውን መዋጮ ከከንቱነት የሚያድነው ይህ ትንሽ ጭማሪ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። «ልጅ እንደ ዕቃ አይቈጠርም፤ ክትትሉ ወደ ስለላ እንዳይለወጥ» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ልንሰማው ይገባል። የመዝገቡ ዓላማ መርዳት እንጂ መክሰስ አይደለምና፣ ተማሪው ለሠራተኛው የነገረው የቤቱ ምሥጢር ለገንዘብ ሰጪው ነጋዴ ሊገለጥ አይገባም። እኛ የምናየው ቍጥሩን ብቻ ይሁን። ገንዘብ ያዋጣ ሰውም ለልጁ ወይም ለዘመዱ የተለየ አስተያየት እንዲደረግለት ከቶ አይጠይቅ። ይህ በመተዳደሪያው ደንብ አስቀድሞ ይጻፍ።

ደመወዝ ከማዋጣት ሌላም ያለ ገንዘብ የምንፈጽመው ነገር አለ። በትምህርት ሰዓት ተማሪ በሸክም ወይም በሽያጭ አናሠራ። ከሰዓት በኋላና በበዓል ቀን የምናሠራቸውንም ፈተና ሲቀርብ ደመወዛቸውን ሳንቈርጥ እናሰናብታቸው። ለጉዞ ገንዘብ ሊበደር የመጣውን አባት ብሩን ቈጥረን ከመስጠታችን በፊት «ልጁ ከትምህርት ቤት የቀረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ማንስ ጠየቀው?» ብለን እናነጋግረው። ይህ ጥያቄ ምናልባት አንድ ልጅ ይመልስ ይሆናል።

በመጨረሻም የምክር ቤታችን ሥራ አስፈጻሚ ይህ አሳብ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የመነጋገሪያ ርእስ ሆኖ እንዲቀርብ ይፈቅድ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ከእኔ የተሻለ አሳብ ያለው አባል በዚህ ጋዜጣ ቢጽፍ ደስታዬ ነው፤ አሳቡ ሲብላላ ይጠራልና። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ሁለቱ መዝገቦች ተከፍተው፣ ሁለቱ ሠራተኞች በሥራቸው ላይ እንዲገኙ አሁኑኑ መጀመር ያስፈልጋል።