ለልደቷ ስንት ልበደር?

እኔ ደህና ነኝ፤ ሁለት ጣቶቼ ላይ ደርቆ የቀረውን ኮላ ካልቆጠራችሁብኝ በቀር። ወደ ኮላው ነገር እመለሳለሁ። መጀመሪያ ደብዳቤው ይቅደም።

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፤ ዕድሜዬ 24 ነው። ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል። አምና ለልደቷ የብር ሐብል ገዛሁላት። የገዛሁት በብድር ነው። ያበደረኝ ልጅ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከሰላምታ በፊት ገንዘቡን ነው የሚጠይቀኝ። ዘንድሮ ደግሞ እሠራበት የነበረው ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ። ይኸው ሁለተኛ ወሬ ነው። እሷ ግን አልሰማችም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ እወጣለሁ። ልደቷ ኅዳር 3 ነው። ጓደኞቿ ከወዲሁ ‹ዘንድሮስ ምን ሊገዛልሽ ነው?› እያሏት ነው። በስልኬ ብድር ልውሰድ ወይስ የታመምኩ መስዬ ልጥፋ? እባክዎ ይምከሩኝ።
ግራ የገባኝ - ከኮተቤ»

ወንድሜ ግራ የገባህ፤ መታመሙን ተወው። ታመምኩ ባልክ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብርቱካንና ማር ይዛ ከተፍ ትላለች፤ ያኔ ደግሞ መሳልም ሊኖርብህ ነው። ብድሩንም ተወው። አምና የተገዛ ሐብል ዘንድሮም ዕዳው ካላለቀ፣ ሐብሉ በማን አንገት ላይ እንዳለ አንተው ታውቀዋለህ። ሸሚዝ እየተኮሱ የመውጣቱ ነገር... እሱን መጨረሻ ላይ እናነሳዋለን። እውነቱን ልንገርህ፣ ከስጦታው ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

«ታዲያ ባዶ እጄን ልሂድ?» ማለትህ አይቀርም። የለም። የሚበራ ፖስት ካርድ ሥራላት።

«ደሞ ፖስት ካርድ!» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያላችሁ አንባብያን ትንሽ ቆዩኝ። ጽጌረዳ የታተመበትን፣ ሲከፈት በቀጭን ድምፅ የሚዘፍነውን ማለቴ አይደለም። እሱ ዘመኑ አልፏል፤ ዛሬ የኬክ ፎቶ በቴሌግራም ተልኮ ልደቱ ያልቃል። እኔ የምለው በእጅ ስለሚሠራው፣ መስኮቱ ወይም ሻማው ስትጫኑት ስለሚበራው ካርድ ነው። ምክሩን የምሰጠው ደግሞ በሰማሁት ሳይሆን በደረሰብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ለሰባት ወር ተኳርፈን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዕቁብ ሲደርሳት «ለሁለት ወር» ብዬ የተበደርኳትን 15 ሺህ ብር ዓመት አስቆጠርኩበት። ስትደውል ማንሳት ተውኩ፤ እሷም መደወሏን ተወች። ልደቷ ሲቃረብ ግማሹ ገንዘብ እጄ ገባ። ግን ሰባት ወር ያላነሳሁትን ስልክ ምን ብዬ ልደውል? ብሩን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ብልክላት ደግሞ የቤት ኪራይ መክፈል መሰለብኝ። ያኔ የጎረቤቴ ልጅ ለትምህርት ቤት የሠራው ነገር ትዝ አለኝ፤ ወረቀት ላይ ያለ ምንም ሽቦ አምፖል ሲያበራ አይቼዋለሁ።

የሕፃን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊያ ቡክሌይ የተባለችው ምሁርና ተማሪዋ ጄ ቺ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ገጹ ሲገለጥ እየተነሳ የሚበራ መጽሐፍ ሠርተው አቅርበዋል። እኛ የምንሠራው ከዚያው ዘር ነው፤ በድህነት ደረጃ።

ዕቃው ይኸው። ጠንከር ያለ ወረቀት ሁለት፣ አንዲት ኤልኢዲ አምፖል፣ ባለ 3 ቮልት ክብ ድንጋይ፣ ምግብ የሚጠቀለልበት የአሉሚኒየም ወረቀት፣ ፕላስተር፣ ኮላና መቀስ። ድንጋዩ «ሲአር 2032» የተጻፈበት ይሁን፤ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ብዙ የመኪና ሪሞት ውስጥና የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ያለው እሱ ነው። የእጅ ሰዓት ትንሿ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ 1.5 ቮልት ስለሆነች አትረዳህም። አምፖሏን መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ከሚሸጡት ዘንድ በፍሬ ታገኛታለህ፤ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ ብትነቅላትም ያው ናት። ውጭ አገር ለዚህ ሥራ ጀርባው የሚለጠፍ የመዳብ ፕላስተር ይጠቀማሉ። እኔ የተጠቀምኩት ከወጥ ቤት በሰረቅሁት አሉሚኒየም ነው። ሠርቷል።

ወረቀቱን ከመንካትህ በፊት አምፖሏን ፈትናት። ሁለት እግር አላት፤ አንዱ ይረዝማል። ረጅሙ የመደመር ምልክት ባለበት የድንጋዩ ፊት፣ አጭሩ በሌላኛው ፊት ይሁንና ድንጋዩን መሃል አስገባው። በራች? በቃ፣ ግማሹን ጨረስክ። ካልበራች አዙረህ ሞክር። ይህቺ እንደ ቤታችን አምፖል አይደለችም፤ ኤሌክትሪኩ በአንድ በኩል ካልመጣላት አታሳልፍም። ብትሳሳትም በ3 ቮልት አትቃጠልም። በባለ 9 ቮልት ድንጋይ ወይም በስልክ ቻርጀር ከሞከርካት ግን ትሰናበትሃለች።

አሁን አንዱን ወረቀት ለሁለት እጠፈው፤ ካርዱ እሱ ነው። ሁለተኛውን በካርዱ ፊተኛ ገጽ ልክ ቁረጠው፤ መስመሩ የሚዘረጋው እዚህ ላይ ነው። ከአሉሚኒየሙ የትንሽ ጣት ግማሽ ያህል የሚሰፉ ሁለት ቁራጮች አውጣ። አምፖሏ የምትሆንበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ድንጋዩን ከአንዱ የታችኛው ጥግ ሦስት ጣት ያህል ራቅ አድርገህ፣ የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርገህ ታስተኛዋለህ። የመጀመሪያው ቁራጭ ከድንጋዩ ሥር ተነስቶ እስከ አምፖሏ አጭር እግር ይሂድ። ሁለተኛው ከረጅሙ እግር ተነስቶ በጠርዝ በኩል ዞሮ እስከ ወረቀቱ ጥግ ጫፍ ይምጣ። ሁለቱ ቁራጮች በምንም ቦታ አይገናኙ፤ መሃላቸው ቢያንስ አንድ ጣት ይግባ። የአምፖሏን እግሮች ግራና ቀኝ ዘርግተህ በየቁራጩ ላይ አስተኛቸውና በፕላስተር ጠበቅ አድርገህ ለጥፋቸው።

ከዚያ ያንን ጥግ የደብተር ጥግ እንደሚታጠፈው ወደ ድንጋዩ እጠፈው። ስትጫነው አሉሚኒየሙ የድንጋዩን ፊት ይነካል፤ አምፖሏ ትበራለች። ስትለቀው ወረቀቱ ትንሽ ብድግ ስለሚል ትጠፋለች። ማብሪያ ማጥፊያው ይኸው ነው። ጫፉ ከድንጋዩ አልፎ የታችኛውን ቁራጭ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቅ። ይህን ወረቀት መስመሩን ወደ ሥዕሉ አዙረህ ከፊተኛው ገጽ ጀርባ ለጥፈው። ኮላ የሚቀባው ዳር ዳሩን ነው፤ የታችኛው ጠርዝ ግን በፕላስተር ይዘጋ፤ ድንጋዩ ሲያልቅ የሚቀየረው በዚያ ነው። ፊት ለፊት፣ ድንጋዩ ባለበት ላይ «እዚህ ጋ ተጫኚ» ብለህ ጻፍ።

እኔ በዚህች ሥራ ሁለት ምሽት ባክኛለሁ። አንደኛው ምሽት የሄደው በቅጥያ ነው። አሉሚኒየሙ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቆርጬ ሌላ ቁራጭ በኮላ ቀጠልኩበት፤ ኮላ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቁራጩ አንድ ወጥ ይሁን፤ ጥግ ላይ ሲደርስ አጥፈህ አዙረው። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ከተጠቀምክም ወረቀት የሆነው ጀርባው እንደማያሳልፍ አትርሳ። ሁለተኛው ምሽት የሄደው በስግብግብነት ነው። አንድ ቀይና አንድ ነጭ አምፖል ጎን ለጎን ላበራ ፈለግሁ፤ ቀይዋ ቦግ አለች፣ ነጭዋ ዝም። ለካ ቀይ 2 ቮልት ገደማ ትበቃታለች፤ ነጭ ግን ወደ 3 ትጠጋለች። ቀይዋ ቀድማ ስትጠጣ ለነጭዋ የሚተርፋት የለም። (የነጭዋ ነገር ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ነጭ ኤልኢዲዎች ውስጣቸው ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊዋን የፈለሰፉት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውባታል።) ሁለት ማብራት ከፈለግህ ቀለማቸው አንድ ይሁን፤ ረጃጅም እግሮቻቸው በሙሉ በአንዱ ቁራጭ፣ አጫጭሮቹ በሌላው ላይ ይሁኑ።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፈውም። ያችን ክብ ድንጋይ ሕፃን ልጅ ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት የሚገባ ካርድ ከሆነ ዙሪያውን በፕላስተር ድፈነው፤ ትርፍ ድንጋይም ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ «በራሱ ይወጣል» ብሎ መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ወደ እህቴ ልመለስ። ሥዕል አልችልም፤ ግን ያደግንበትን ባለ አንድ መስኮት የጭቃ ቤት እንደ ምንም ሣልኩት። በወጣትነቴ አምሽቼ ስመጣ አባታችን ሳይሰማ በሩን የምትከፍትልኝ እሷ ነበረች። መስኮቱን ከካርዱ ቆርጬ በስስ ወረቀት ሸፈንኩት፤ አምፖሏን ከኋላው አደረግሁ። ውስጡ የጻፍኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «በር ክፈችልኝ»። ሐሙስ ማታ ጨረስኩ። ተጫንኩት፤ መስኮቱ በራ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አበራሁት፣ አጠፋሁት። በዚህ ዕድሜዬ!

እሑድ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፈተች፤ አልሳመችኝም፤ «ግባ» አለች። ካርዱን ሰጠኋት። ተጫነችው። ምንም። እንደገና ተጫነችው። ጨለማ። እኔን ላብ በላብ አደረገኝ። ቀና ብላ አየችኝና፣
«ወንድም ጋሼ፣ እናንተ ሰፈርም መብራት ጠፍቷል እንዴ?» አለች።

በሰባት ወር ውስጥ የነገረችኝ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

የ9 ዓመት ልጇ ካርዱን ከእጇ ነጠቀና ጠርዙን ከፍቶ አየ። «አጎቴ፣ ድንጋዩን ጨርሰኸዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ በሁለት መጽሐፍ መሃል ይዤው ስዞር ማብሪያው ተጭኖ፣ ሦስት ቀን ሙሉ መስኮቱ ማንም ሳያየው ሲበራ ከርሟል። ልጁ ጓዳ ገብቶ ቆየ፤ ሲመለስ ክብ ድንጋይ ይዟል። ከየት አመጣህ ብሎ የጠየቀው የለም። አስገባው፣ ሰጣት። ተጫነችው። በራ። ጣቷን ሳታነሳ ብዙ ቆየች። ከዚያ ገልጣ ውስጡን አነበበች።

«ገንዘቡስ?» አለችኝ።

ፖስታውን አወጣሁ። እፊቴ ቆጠረችው፤ 7 ሺህ 500። «ግማሹ ቀርቷል» አለች። «አውቃለሁ» አልኳት። «መቼ?» አለች። ወሩን ነገርኳት፤ ስልክህን ታነሳለህ አለችኝ፤ አነሳለሁ አልኩ። ከዚያ ቡና ተፈላ። በማግስቱ ጠዋት የደወለልኝ ባሏ ነው፤ የመኪናው ሪሞት አልሠራ ብሎታል፤ ልጁም ተናዟል።

አየህ ግራ የገባህ፣ ካርዱ ዕዳዬን አልከፈለልኝም። ብሩን ይዤ ባልሄድ ኖሮ የበራው መስኮት ያስቃት ይሆናል እንጂ ቡና አያስፈላም ነበር። ያንተ ዕዳ ገንዘብ አይደለም፤ የሸሚዙ ነገር ነው። ስለዚህ ሥራ መፍታትህን ከልደቷ በፊት ንገራት፤ በአካል፣ ቢያንስ ሳምንት ሲቀረው። ካርዱ ላይ እንዳትጽፈው፤ በሚበራ ካርድ ላይ መርዶ አይጻፍም። ልደቷ ዕለት እንዳትነግራትም፤ ቀኑ የእሷ ነው። ልትቆጣ ትችላለች። የምትቆጣው ሥራ በማጣትህ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ወር ስለዋሸሃት ከሆነ ግን እውነት አላት፤ አዳምጣት። ለጓደኞቿ ምን እንደምትመልስላቸው እሷ ታውቃለች፤ እሱን ለእሷ ተውላት።

ካርዱ ላይ የምትሥለውን እኔ አልመርጥልህም፤ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት ቦታ ይኖራችኋል። ታክሲ የምትጠብቁበት ፌርማታም ቢሆን መብራት አለው። ሥራውን አንድ ሳምንት ቀደም ብለህ ጀምር። ሲያልቅ በድንጋዩና በአሉሚኒየሙ መሃል ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አስገባ፤ ጫፉ በታችኛው ጠርዝ ወጣ ይበል። እጇ ላይ ሲደርስ ስባ ታወጣዋለች፤ እስከዚያ ድንጋዩ አያልቅም። እኔም ይህን የተማርኩት ከዚያ እሑድ በኋላ ነው። አሁን ጣቴ ላይ ያለው ኮላ ለእህቴ ልጅ 10ኛ ዓመት ልደት የምሠራው ነው፤ መኪና ሥያለሁ፣ ሁለቱም መብራቶቿ ነጭ ናቸው። ለአባቱም ትርፍ ድንጋይ ገዝቼለታለሁ።

ቸር ያቆየን።