ልጅ የእንግዳ ማጫወቻ አይደለም!

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምቆጣው መጀመሪያ በራሴ ነው።

ለፋሲካ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ የስድስት ዓመት ልጄን «ነይ ፒያኖ ተጫወቺላቸው» አልኳት። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። አፈጠጥኩባት። ከዚያን ቀን ወዲህ ኪቦርዱ አቧራ ለበሰ።

እኛ ወላጆች ግን ምን ነካን? ለሙዚቃ ትምህርት የምንከፍለው ልጁ እንዲደሰት ነው ወይስ ቪዲዮ ለቀን እንድንመሰገን? የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ሰሌዳ ፊት ሲቆም የሚንቀጠቀጥ ተማሪ በየዓመቱ አያለሁ። ብዙዎቹ መልሱን ያውቁታል፤ የሚፈሩት መሳሳትን ነው። ይሄን ፍርሃት ደግሞ ገንዘብ ከፍለን ፒያኖው ላይም እንጨምርበት?

«ካልተቆጡት አይለምድም» የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ ይሄን ሞክሩ። ልጁ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እንዲነካ ተዉት። ሁለትና ሦስት ሆነው ተደርድረዋል፤ በድምሩ አምስት። ከሦስቱ የመጀመሪያው ላይ ተነስታችሁ ወደ ላይ ብትሄዱ ትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው። የኛው ዜማ እዚያው ተቀምጧል! ስልኩን አስቀምጡና አጠገቡ ቁጭ በሉ።

ትናንት ማታ እኔው በአንድ ጣት ስሞክር በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። «አባዬ፣ እንደዛ አይደለም» አለችና መጥታ ጎኔ ተቀመጠች።

ተሳስቼ ነበር። ማንም ግን አላፈጠጠብኝም።