የላስታን ሐረግ የቆጠረው መሬት ነው

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያለችው አሸተን ማርያም ከዛግዌው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ስም ጋር ትነሣለች። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ደብር የልደትና የጋብቻ መዝገብ አያጣም ብሎ ቅድመ አያቱን ፍለጋ ዳገቱን የሚወጣ ሰው ግን ያልነበረ ነገር ይፈልጋል። የአውሮፓ አጥቢያዎች ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንዲመዘግቡ ታዘዋል። የእኛ አጥቢያ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያነሣል እንጂ መዝገብ መያዝ ልማዱ አልነበረም። የላስታን ትውልድ ቆጥሮ ያቆየው ርስት ነው።

ብራናውን አልናቅሁም። በላሊበላ የወንጌል መጻሕፍት ላይ ንጉሥ ላሊበላ ለአብያተ ክርስቲያናት የሰጠው መሬት ተጽፏል። ተራው ገበሬ ግን በእንዲህ ያለ ጽሑፍ እምብዛም አይገባም፤ ቢገባም በክርስትና ስሙ ነው። በአንድ ቀበሌ ስንት ወለተ ማርያም፣ ስንት ገብረ ሚካኤል አለ! ይባስ ብሎ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባል። ስሙ የተጻፈው እንዲጸለይለት እንጂ የልጅ ልጅ እንዲያገኘው አልነበረም።

ርስት ጠያቂ ግን መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚው አባት መወለዱን ስም በስም ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት፤ አንድ ትውልድ ቢዘል ባላጋራው አይምረውም። ቆጠራው በእናትም በአባትም መሄዱ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ በአባትና በአያት ስም ስንጠራ እናቶቻችን ከወረቀቱ ይወጣሉ፤ በርስት ሙግት ግን ሴት አያት የመሬት መንገድ ስለነበረች ስሟ አይረሳም። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በጎጃም የደጋ ዳሞትን ርስት አጥንቶ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የሁለት ወገን ቆጠራ በሰፊው አሳይቷል። እርግጥ መሬት የፈለገ ሰው ሐረጉን ወደሚመቸው አባት ሊስበው ይችላል፤ ሙግት ሁሉ እውነት አይወጣውም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የቆጠራው ጥቅም አበቃ። ከዚያ ወዲህ ስም የሚያስቆጥረው በዋናነት የጋብቻ ክልከላ ነው፤ እሱም ሰባት ቤት ላይ ይቆማል። መንግሥትም ቶሎ አልደረሰም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የክብር መዝገብ ቢደነግግም፣ ያው ሕግ አፈጻጸሙን ወደፊት በትእዛዝ እስኪታወጅ አቆየው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004፣ በአገር ደረጃ ሥራ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የገበሬውን ትውልድ መሬቱም አልቆጠረው፣ ቢሮውም አልቆጠረው።

ፈላጊው እንግዲህ ቄሱን «አያቴ መቼ ተወለዱ?» ከማለቱ በፊት ሽማግሌዎቹን «አያቴ በየትኛው መሬት፣ ከማን ጋር ተሟገቱ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ የአቅኚውን፣ የወንድማማቾቹንና የሴት አያቶቹን ስም ይዞ ይመጣል። ችግሩ፣ እዚያ ሙግት ላይ ራሱ ቆሞ የተከራከረ ሰው ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ነው።