ፕላኑ ከመግባቱ በፊት ለአዋሳኝ ይነገር!



በአሁኑ ጊዜ በየመንደሩ ፎቅ ይሠራል። መሠራቱ ደግ ነው፤ ማንም አይጠላውም። የምንቃወመው አሠራሩን ነው። ባለቤቱ ፕላን ያሠራል፣ ማመልከቻ ያስገባል፣ የግንባታ ፈቃድ ያወጣል፤ በአጥር የሚዋሰነው ጎረቤት ግን ወሬውን የሚሰማው ቆፋሪው መኪና በር ላይ መጥቶ ሲያጓራ ነው። እንዴት ነው ነገሩ? ለሠርግና ለማኅበር የሚጠራራ ሰው፣ የጎረቤቱን ግድግዳ ጥግ ሊቆፍር ሲነሣ አፉ የሚዘጋው ለምንድን ነው?

ጉዳቱን እንቁጠረው። የቆየ የጭቃ ቤት መሠረቱ ጥልቀት የለውም። ከጎኑ ሁለትና ሦስት ሜትር ተቆፍሮ፣ ድጋፍ ሳይደረግለት ክረምት ከገባ አፈሩ ይናዳል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ጥቁር አፈር ሲሆንማ የባሰ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የጎርፉ መውረጃ ቦይ ይደፈናል። አዲሱ መስኮት በሰው ጓሮ ላይ ይከፈታል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ እያለ በእርሳስና በላጲስ ይስተካከላል፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን ድጅኖና ፍርድ ቤት ይፈልጋል።

ሕጉም ጎረቤትን አልረሳም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና መናወጥ እንዳያመጣ ይከለክላል። ታዲያ ምን እንደሚሠራ ያልተነገረው ሰው ይህን መብቱን በምን ጊዜ ይጠቀምበታል? ቤቱ ከተሰነጠቀ በኋላ? ያማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንዳንዶች «በገዛ ይዞታዬ ጎረቤት ምን አገባው? ምቀኛ እንዲያደናቅፈኝ ነው?» ይላሉ። ማስታወቅ ማስፈቀድ አይደለም! ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ሆኖም የጎረቤት ቦይ የት እንደሚወርድ፣ ግድግዳው በምን ላይ እንደቆመ ከባለቤቱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ምቀኝነትን የሚያበዛውም መደበቅ ነው። ሥራው በግማሽ ላይ በእግድ ከሚቆም፣ አስቀድሞ ተነጋግሮ መጀመር ለገንቢውም ኪስ ይሻላል።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ደንብ እንዲይዝ እናሳስባለን፦

1ኛ/ የሚገነባ ሰው ማመልከቻውን ከማስገባቱ 15 ቀን በፊት፣ የፎቁን ብዛት፣ የቁፋሮውን ጥልቀትና የውኃ መውረጃውን የሚያሳይ ወረቀት ለአዋሳኞቹ ሁሉ እያስፈረመ ይስጥ፤ አንድ ቅጂ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

2ኛ/ ቅሬታ ያለው በእነዚሁ 15 ቀናት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ። ዝም ብሎ «አልወደድኩትም» ማለት ቅሬታ አይደለም።

3ኛ/ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የአዋሳኙ ቤት ግድግዳ በሁለቱም ፊት ታይቶ ፎቶግራፍ ይነሣ። ኋላ «ድሮም የተሰነጠቀ ነው» መባባል ይቀራል።

ደንቡ አዋጅ አይደለም፤ የሚጸናው በእኛው ስምምነት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝታችሁ ድምፅ ስጡበት። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው!