አረንጓዴ ቃል ምስክር ይሻል

ገበያ የሚቆመው በእምነት ነው። ገዢ ገንዘቡን የሚሰጠው ሻጩ ስለ ዕቃው የተናገረው ቃል እውነት መሆኑን ሲያምን ነው። ይህ እምነት ቀድሞ ከዐይንና ከእጅ የራቀ አልነበረም። በሞላሌ ገበያ ባና የሚገዛ ሰው ልብሱን በመዳፉ ይዳስሳል፤ ድርና ማጉን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፤ ቢጠራጠርም ከጫፉ አንዲት ክር መዝዞ በእሳት ሊለኩሳት ይችላል። ክሯ የተቃጠለ ጠጉር ሸትታ በጣት ሲያሿት የምትፈርስ ዐመድ ብትሆን የበግ ጠጉር ናት፤ ቀልጣ እንደ ዶቃ ብትደድር ግን በፋብሪካ የተሠራች ሰው ሠራሽ ክር ናት። ከዚህም በላይ ጠጉሩን የፈተለችው ሴትና ባናውን የሠራው ሸማኔ በአገሩ የታወቁ ናቸው።

ዛሬ ግን ወደዚያው ገበያ የሚመጣው ሳሙና፣ ብርድ ልብስና ፌስታል ከሩቅ ፋብሪካ የተጫነ ነው። ሠሪው አይታወቅም፤ ስለ ዕቃው የሚናገረው በላዩ የታተመው መግለጫ ብቻ ነው። በመግለጫውም ላይ የቅጠል፣ የዛፍ ወይም የምድር ሉል ሥዕል ይታያል፤ «ተፈጥሯዊ»፣ «ለአካባቢ ተስማሚ»፣ «አረንጓዴ» የሚሉ ቃላትም ይነበባሉ። እንዲህ ያለው ቃል መለኪያውንና ምስክሩን ይዞ ካልቀረበ በስተቀር እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባውም የሚል አስተያየት አለኝ።

ለዚህ አስተያየት ጥሩ አብነት የሚሆነን በዚያው በመንዝ ደጋ የሚገኘው ጓሳ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ሣራማ ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በሕዝቡ ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። በጥንቱ ሥርዓት መሠረት ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያገለግለው የጓሳ ሣር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያህል እንዳይታጨድና ከብት እንዳይሰማራበት ይዘጋ ነበር። ጠባቂው አባ ቀራ በሕዝብ ይመረጣል፤ ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን በይፋ ይነገራል፤ ሕጉን የጣሰም ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት ካስቀረው በኋላም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶ ቀጥሏል። እንግዲህ የመንዝ ሰው «ጓሳ ተጠብቋል» ሲል ባዶ ቃል አልተናገረም። ምን እንደተከለከለ፣ ለስንት ጊዜ እንደተከለከለ፣ ማን እንደሚጠብቅና አጥፊው ምን እንደሚደርስበት የታወቀ ነበር። አንድ ፋብሪካ ስለ ዕቃው በጎነት ሲናገር ከዚህ ያነሰ ሊጠየቅ የሚገባበት ምክንያት የለም።

በመጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን ቃሉ በትክክል ምን ማለት እንደሆነ ነው። በጀሪካን ወይም በውሃ ፕላስቲክ ሥር እርስ በርሳቸው የሚከታተሉ ሦስት ቀስቶች የሠሩት ሦስት ማዕዘንና በመካከሉ ቁጥር ይገኛል። ብዙ ሰዎች ይህን ምልክት ዕቃው ካገለገለ በኋላ ተመልሶ ለመሠራቱ ማረጋገጫ አድርገው ይወስዱታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የተጀመረው ይህ አሠራር የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። ለምሳሌ 1 ቁጥር የመጠጥ ውሃ የሚታሸግበትን፣ 2 ቁጥር ደግሞ ብዙ ጀሪካኖች የሚሠሩበትን ዓይነት ያመለክታል። ሰብስቦ መልሶ የሚሠራ ድርጅት በሌለበት ቦታ ዕቃው ምንም ዓይነት ቁጥር ቢኖረው ከሜዳ አይነሣም።

ሁለተኛው ጥያቄ ቃሉ እውነት የሚሆነው በምን ሁኔታ ነው የሚለው ነው። «በስብሶ ይጠፋል» የተባለ ከረጢት ብዙውን ጊዜ የተፈተነው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ባለው የማብላያ ስፍራ ነው። ውርጭ በሚወርድበት የመንዝ ደጋ ላይ የተጣለ ከረጢት ይህን ሙቀት ከየት ያገኛል? ሌሎች ደግሞ በተጨመረባቸው ንጥረ ነገር ምክንያት ይበጣጠሳሉ እንጂ አይጠፉም፤ ብጥስጣሾቹ በአፈር ውስጥ ይቀራሉ። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያሉትን ፕላስቲኮች እ.ኤ.አ. በ2021 ከገበያው ያገደው ስለዚህ ነው። በአገራችንም የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ማንኛውም የፕላስቲክ ከረጢት በስባሽ መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ይሁንና ፌስታል በየሜዳው መከማቸቱን አልተወም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከለከለ። ጽሑፍ ብቻውን ምድርን እንደማያጸዳ ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ የምስክሩ ማንነት ነው። ባለጉዳይ ለራሱ ምስክር ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀርመኑ ቮልስዋገን «ንጹሕ ናፍጣ» እያለ ያስተዋወቃቸው መኪናዎች በምርመራ ጊዜ ብቻ የጭሳቸውን መርዝ የሚቀንስ ስውር የኮምፒዩተር መመሪያ እንደተገጠመላቸው ተጋለጠ። ኩባንያው እንዳመነው መሣሪያው የነበረው ወደ 11 ሚሊዮን በሚጠጉ መኪናዎች ላይ ነው። ማታለሉ ሊገለጥ የበቃው ከኩባንያው ውጪ የሆኑ ተመራማሪዎች መኪናዎቹን በመንገድ ላይ እየነዱ ጭሱን በመለካታቸው ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1978 በጀርመን የተጀመረው «ሰማያዊ መልአክ» የተባለው ምልክት የሚሰጠው ዕቃው አስቀድሞ በታወቀ መመዘኛ ተመዝኖ ሲያልፍ ነው። በእኛም አገር «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል እንደ ፈቀዱ የሚለጠፍ ጌጥ እንዳይሆን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ወጥቷል።

ምናልባት «ድኻ ሸማች የሚመለከተው ዋጋውን ነው፤ ይህ ሁሉ ጥያቄ ለባለጠጋ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ሸማቹ ዋጋ ማየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሐሰተኛው ቃል ዕዳ ቀድሞ የሚያርፈው በድኻው ላይ ነው። በግጦሽ ላይ የወደቀውን ፌስታል የሚበላው የገበሬው በግ ነው፤ በጉ ሲሞትም የሚጎድለው የቤተ ሰቡ ሀብት ነው። ሌላው ደግሞ «እንግዲያውስ ምልክትን ሁሉ አንመን» ይል ይሆናል። ይህም ስሕተት ነው። ሁሉን በእኩል መጠርጠር ደክሞ የተመሰከረለትን ሐቀኛ አምራች ከአታላዩ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ አታላዩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ምልክት አለመኖሩም ብቻውን የጉዳት ማስረጃ አይደለም፤ የመንዝ ባና ምንም ወረቀት ሳይለጠፍበት የበግ ጠጉርነቱ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ማንበብ የተማረ ወጣት ትምህርቱን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለገበያም ሊያውለው ይገባል። ወላጆቹ የሚገዙትን ዕቃ ገልብጦ መግለጫውን ያንብብላቸው፤ ቅጠሉን ከማድነቁ በፊት የመስካሪውን ስም ይፈልግ፤ ካጣም ነጋዴውን በትሕትና ይጠይቅ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች መግለጫን ከልክሏል። ነገር ግን ጓሳን ያቆየው የሕጉ መኖር ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀው ሰው መኖሩ እንደሆነ ሁሉ፣ የሸማቹም ሕግ የሚጸናው የሚጠይቅ ሸማች ሲኖር ነው።